ኮምፒውተሩን «ስሊፕ» አድርገን ከሄድን በኋላ መብራት ቢጠፋ ሥራችን የት ይገባል?

ፊደል_ቤት (ደብረ ማርቆስ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡15

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ጥያቄዬ ሁለት ሲሆን፣ ሁለቱም ማታ ማታ ኮምፒውተሩን ሳልዘጋ «ስሊፕ» አድርጌው ከመሄዴ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የመጀመሪያው ይህ ነው። ባለፈው ዓርብ አንድ ደንበኛ 84 ገጽ የሆነ የቆየ የቤተሰብ የመሬት ክርክር መዝገብ ስካን እንዳደርግለት አመጣልኝ። ወረቀቱ ከመሳሳቱ የተነሣ በማሽኑ ጉሮሮ ማሳለፍ ስላልደፈርሁ፣ እያንዳንዱን ገጽ በመስተዋቱ ላይ እያነጠፍሁ ስሠራ ዋልሁና 61ኛው ገጽ ላይ መሸብኝ። የስካነሩ ፕሮግራም ገጾቹን ሰብስቦ በመጨረሻ በአንድ ፋይል የሚያስቀምጥ በመሆኑ፣ በማግስቱ ከዚያው እቀጥላለሁ ብዬ እንደተከፈተ ትቼው ኮምፒውተሩን አስተኛሁትና ሱቁን ዘጋሁ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ኖሮ፣ ጠዋት ስከፍተው ማሽኑ እንደ አዲስ ተነሣ፤ 61ዱም ገጽ የለም። ጎን ለጎን ተከፍቶ የነበረው የወርድ ጽሑፍ ግን ከመጨረሻዎቹ ጥቂት መስመሮች በቀር ተመልሷል። አንዱ ተርፎ ሌላው የጠፋበት ምክንያት ምንድን ነው? «ተኝቷል» የሚባለው ኮምፒውተርስ ሥራችንን የሚያኖረው የት ነው?

ሁለተኛው ጥያቄዬ እንግዳ ነገር ነው። የሰፈራችን ዘበኛ፣ ሱቁ ተዘግቶ ሳለ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ማሽኑ በራሱ ተነሥቶ ሲጮህ ደጋግሞ እንደሚሰማና በበሩ ስንጥቅም ብርሃን እንደሚያይ ነግሮኛል። ጠዋት ስገባ ግን እንደተኛ አገኘዋለሁ። ዘበኛው ነገሩን ወደ ሌላ እየወሰደው ስለሆነ መልስ ብታገኙልኝ ለእርሱም ውለታ ነው።

ዓባይ_ዳር (ባሕር ዳር)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡40

እኅቴ፣ በልፋትዎ ከልብ አዝናለሁ። የኮምፒውተር ትምህርት አስተምራለሁና፣ ቢረዝምም ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ።

ኮምፒውተር ሲሠራ የተከፈቱት ፕሮግራሞችና ገና ያልተቀመጠው ሥራ ያሉት ራም በሚባለው ማኅደር ውስጥ ነው። ራም እያንዳንዷን ቁራጭ መረጃ የሚይዘው እጅግ ትንሽ በሆነ ካፓሲተር ውስጥ በተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ነው፤ ካፓሲተሯም እንደ ተሰነጠቀ እንስራ ስለምታፈስ፣ የያዘችው ከመጉደሉ በፊት ተነብቦ እንደገና መሞላት አለበት። በዛሬዎቹ ራሞች እያንዳንዱ ረድፍ ቢበዛ በ64 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ አንድ ጊዜ ይታደሳል፣ ይኸውም በሰከንድ ቢያንስ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል መሆኑ ነው። ይህ መታደስ ከተቋረጠ መረጃው ይጠፋል።

እንግዲህ «ስሊፕ» ሲሉት የሚሆነው እንዲህ ነው። ስርዓተ ክወናው፣ ለምሳሌ ዊንዶውስ፣ ለፕሮግራሞቹ ሊተኛ መሆኑን ካሳወቀ በኋላ ባሉበት እንዲቆሙ ያደርጋቸዋል፤ ይዘጋቸዋል ማለት ግን አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ አፉን እንደያዙት ሰው ባሉበት ይደርቃሉ። ቀጥሎ ድራይቨሮቹ፣ ማለትም እያንዳንዱን መሣሪያ የሚያዝዙት ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ በተራ መሣሪያዎቻቸውን ያጠፋሉ፤ ተራውም ከቅርንጫፍ ወደ ግንድ ነው፤ ለምሳሌ መጀመሪያ ማውሱ፣ ከዚያ ማውሱ የተሰካበት የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ፣ ከዚያ ያ መቆጣጠሪያ የተንጠለጠለበት መስመር። አንዱ ድራይቨር እምቢ ካለ መተኛቱ ሁሉ ይሰናከላል፤ ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ጠፍቶ ፋኑ ግን እየዞረ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ሁሉም ከተስማማ ፕሮሰሰሩ በራሱ ጓዳ የያዘውን ወደ ራም ይመልስና፣ ሲነሣ የሚጀምርበትን አድራሻ አስቀምጦ፣ ለማዘርቦርዱ ቺፕሴት የመጨረሻዋን ትእዛዝ ይጽፋል። በዚያች ቅጽበት ራም ወደ ራስ በራስ መታደስ ይገባል፤ ዋናው ኃይል ይቆረጣል፤ ፕሮሰሰሩም ዲስኩም ፋኑም ይጠፋሉ።

ሲቀሰቅሱት ፕሮሰሰሩ በመሠረቱ ከባዶ ነው የሚነሣው። ነገር ግን ባዮሱ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም፣ «ይህ ከእንቅልፍ መነሣት ነው» የሚለውን ምልክት ስለሚያይ፣ ራሙን ሳይፈትሽና ሳይነካ በቀጥታ ወደዚያ አድራሻ ይልከዋል። በሁለት ሦስት ሰከንድ ሁሉም እንደነበረ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ስለዚህ መልሱ፣ ሥራዎ ያለው በራም ውስጥ ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ 61ዱ ገጽ የፈሰሰውም ከዚያ ነው። ወርድ የተረፈው በእንቅልፉ ምክንያት ሳይሆን፣ በተለመደው አቀማመጡ በየ10 ደቂቃው ለራሱ መጠባበቂያ ቅጂ በዲስክ ላይ ስለሚጽፍ ነው። ስካነሩ ያ ልማድ የለውም።

ዳሞት_ጥገና (ፍኖተ ሰላም)፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 1፡30

መምህር ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ደግሞ በጠረጴዛዬ ላይ ያየሁትን ልጨምር። ትናንት አንድ ዴስክቶፕ ክዳኑን ከፍቼ አስተኛሁትና ከፓወር ሰፕላዩ በሚወጡት ሽቦዎች ላይ መልቲሜትር አኖርሁ። ቢጫው፣ ማለትም 12 ቮልት መስጠት የሚገባው፣ ዜሮ። ቀዩም ዜሮ። ሐምራዊው ግን 5 ቮልቱን ይዞ ቁጭ ብሏል። በዴስክቶፕ ዓለም ራሙን ሌሊቱን ሙሉ የሚያቆየው ያ አንድ ሐምራዊ ሽቦ ነው። ሶኬቱ ላይ ዋት መለኪያ ሰክቼ ስመለከት ደግሞ፣ ያው ማሽን ያለ ሥራ ተከፍቶ ሲቀመጥ 52 ዋት፣ ተኝቶ 3 ዋት፣ ተዘግቶ ሶኬት ላይ ሲቀር 1 ዋት ወሰደ። እንግዲህ ከማታ እስከ ጠዋት ለ14 ሰዓት ቢሰላ፣ ክፍቱ 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲበላ የተኛው 0.04 ብቻ ነው የሚበላው። ስሊፕ ማድረግዎ ለቆጣሪው ስሕተት አልነበረም።

ነገር ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ዊንዶውስ በዴስክቶፕ ላይ ሲጫን፣ ማሽኑ የሚፈቅድ ከሆነ፣ በራሱ የሚያበራው «ሃይብሪድ ስሊፕ» የሚባል አሠራር አለው። ይህም ኮምፒውተሩ ሲተኛ የራሙን ይዘት በራም ከማቆየቱ በተጨማሪ በዲስክ ላይም ይገለብጠዋል፤ መብራት ካልጠፋ በራሙ ቶሎ ይነሣል፣ ከጠፋ ደግሞ ከዲስኩ ያነብባል። ይህ ቢሠራ ኖሮ 61ዱ ገጽ ባልጠፋ ነበር። እስኪ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ይክፈቱና «ፓወር» ብለው ሳያራርቁ «ሲ ኤፍ ጂ» ይጨምሩ፤ ከዚያ ክፍተት፣ እዝባርና «ኤ» ጽፈው ኢንተር ይምቱ። የሚመጣውን ይንገሩን። እኔ ግን አንድ ጥርጣሬ አለኝ፤ በቅርቡ ዲስክ ሞላ ተብሎ ቦታ የለቀቀልዎት ሰው አለ?

ፊደል_ቤት (ደብረ ማርቆስ)፣ ረቡዕ ከቀኑ 7፡05

እጅግ አመሰግናለሁ። እንዳሉኝ ጻፍሁት። ስሊፕ አለ ይላል። ቀጥሎ ሃይበርኔት አልበራም ይላል፤ ሃይብሪድ ስሊፕና ፋስት ስታርትአፕ ደግሞ ሃይበርኔት ስለሌለ አይሠሩም ይላል።

ጥርጣሬዎም ልክ ነው። ከሦስት ወር በፊት 120 ጊጋ ዲስኬ ሞልቶ ማሽኑ ሲያዘግም አንድ ባለሙያ መጥቶ «የማይጠቅም ትልቅ ፋይል አለ» ብሎ በአንድ ትእዛዝ አጥፍቶልኝ ሄደ። ያን ዕለት ቦታ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ፋይል ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ዓባይ_ዳር (ባሕር ዳር)፣ ረቡዕ ከምሽቱ 1፡50

ዳሞት፣ ከጥቁር ሰሌዳ ይልቅ ጠረጴዛ እንደሚያስተምር አሳየኸን። እኔ ስለ ሃይብሪዱ ሳላነሣ ማለፌ ጉድለት ነበር።

ያ «የማይጠቅም» የተባለው ፋይል የሃይበርኔት ማኖሪያ ነው። ሃይበርኔት ማለት የራሙን ይዘት ጨምቆ በዲስክ ላይ ጽፎ ኮምፒውተሩን ፈጽሞ ማጥፋት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሶኬቱ ቢነቀል፣ ማሽኑ በጋሪ ተጭኖ ሌላ ከተማ ቢወሰድ፣ ወር ቢቀመጥም ሥራው አይነካም። ሲከፈት ስርዓተ ክወናው ፋይሉን ወደ ራም መልሶ ያነብባል። የተወቃውን እህል በአውድማ ላይ መተውና ጎተራ ማስገባት የሚለያዩትን ያህል ይለያያሉ፤ አውድማው ላይ ያለውን ዝናብ ያገኘዋል።

በዊንዶውስ 10 ይህ ፋይል በተለመደው ሁኔታ የራሙን 40 በመቶ ያህል ይይዛል። የእርስዎ ራም 8 ጊጋ ነው ብንል 3.2 ጊጋ መሆኑ ነው። በ120 ጊጋ ዲስክ ላይ ይህ ጥቂት ነው አልልም፤ ነገር ግን እርሱን ለማትረፍ ሦስት ነገር አብሮ መጥፋቱን ሰውዬው ሊነግርዎት ይገባ ነበር። ለመመለስ በዚያው ጥቁር መስኮት ያንኑ ቃል ጽፈው፣ ክፍተት፣ እዝባርና «ኤች»፣ እንደገና ክፍተት ሰጥተው «ኦን» ይበሉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ፋይሉን አሳንሶ ማስቀመጥ የሚቻልበት «ሪዱስድ» የሚባል ዓይነት አለ፣ የራሙን 20 በመቶ ያህል ብቻ የሚይዝ። ይህ ዓይነት የሚያገለግለው ለፋስት ስታርትአፕ ብቻ ነው፤ ሙሉውን የሥራ ይዘት አይችልምና ሃይበርኔትም ሃይብሪድ ስሊፕም ከእርሱ ጋር አይገኙም። ቦታ ቢያስቸግርዎት የድሮ ስካኖችን ወደ ውጭ ዲስክ ያውጡ እንጂ ይህን አይንኩት።

ገደል_አፋፍ (ሞጣ)፣ ረቡዕ ከምሽቱ 3፡20

ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ በዚህ ሁሉ አልስማማም። በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ 24 ማሽኖች አሉኝ። ደንቤ አንድ ነው፤ ማታ ሁሉም ይዘጋል፣ ዲቫይደሩም ይነቀላል። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር የሚከተለው የቮልቴጅ ዝላይ ፓወር ሰፕላይ ያቃጥላል፤ ስሊፕ ላይ ያለ ማሽን ደግሞ ሶኬቱ ላይ ነው። ሥራን አስቀምጦ መዝጋት ያለ ምንም ትምህርት የሚሠራ ዘዴ ነው። አንድ ነገር ብቻ ግራ ያጋባኛል፤ በየቀኑ እየዘጋኋቸው በታስክ ማኔጀር ውስጥ «ከተነሣ የቆየበት ጊዜ» የሚለው ቁጥር ስድስት ቀን ከዘጠኝ ሰዓት ይላል።

ዳሞት_ጥገና (ፍኖተ ሰላም)፣ ረቡዕ ከምሽቱ 3፡55

መምህር፣ ስለ ዲቫይደሩ ፍጹም ልክ ነዎት። ዘንድሮ ብቻ መብራት ተመልሶ ሲመጣ የተቃጠለ ስንት ፓወር ሰፕላይ እንደቀየርሁ እኔና ቆሻሻ ማጠራቀሚያዬ እናውቃለን።

ቁጥሩን በተመለከተ ግን፣ እርስዎ «ዘጋሁ» የሚሉት በእርግጥ አልተዘጋም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ ከበራ፣ «ሸት ዳውን» ሲሉት የእርስዎ ፕሮግራሞች ይዘጋሉ እንጂ የስርዓተ ክወናው እምብርትና ድራይቨሮቹ ሃይበርኔት ይደረጋሉ። በማግስቱ ቶሎ የሚነሣው በዚህ ነው፤ ሰዓት ቆጣሪውም ወደ ዜሮ የማይመለሰው በዚህ ነው። እውነተኛ አዲስ መነሣት የሚገኘው «ሪስታርት» ሲሉት ነው። የሚገርመው ብዙ ደንበኛ «ዘግቼ ከፈትሁት፣ አልተስተካከለም» ብሎ ማሽኑን ተሸክሞ ይመጣል፤ እኔ ሪስታርት አድርጌ እመልስለታለሁ። ለዚህ ገንዘብ መቀበል ያሳፍራል፤ ግን ከቋሪት ድረስ ተጉዞ የመጣም አለ። ሁለት ስርዓተ ክወና ጎን ለጎን የጫናችሁም ተጠንቀቁ፤ ዊንዶውስን በዚህ መንገድ ዘግታችሁ ሊነክስ ብትከፍቱ፣ የዊንዶውሱን ክፍል ለመጻፍ አልከፍትም የሚላችሁ ሃይበርኔት ላይ መሆኑን አይቶ ነው። አስገድዳችሁ ብትጽፉበት ፋይል ይበላሻል።

የጮቄ_ነፋስ (ደጀን)፣ ሐሙስ ከጠዋቱ 3፡10

እኔ ተማሪ ነኝ፤ ችግሬ የተገላቢጦሽ ነው። ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ወደ ቤት ስመለስ ላፕቶፔን 92 በመቶ ሞልቶ ሳለ ክዳኑን ዘግቼ ቦርሳ ውስጥ ከተትሁት። ደጀን ስደርስ ቦርሳው ከውጭ ይሞቃል፤ ባትሪው 31 በመቶ ሆኗል። የወንድሜ አሮጌ ላፕቶፕ ግን ክዳኑ ተዘግቶ ቀናት ይቆያል። አዲሱ ከአሮጌው የሚብሰው ለምንድን ነው?

ዓባይ_ዳር (ባሕር ዳር)፣ ሐሙስ ከቀኑ 6፡45

ወንድሜ፣ ያንተ ላፕቶፕ ከላይ የገለጽሁትን እንቅልፍ አይተኛም ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1992 ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ባወጡት ኤፒኤም በሚባለው ደንብ፣ ማሽኑን የሚያስተኛው በዋናነት ባዮሱ ነበር፤ እርሱም ስርዓተ ክወናው ምን እየሠራ እንደሆነ በቅጡ አያውቅም። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ኢነርጂ ስታር የተባለውን ምልክት በኮምፒውተርና በስክሪን ጀመረ፤ አሮጌ ዴስክቶፕ የምታስታውሱ ሲነሣ በስክሪኑ ቀኝ ጥግ ትወጣ የነበረችውን ያችን ኮከብ አትረሷትም። በታኅሣሥ 1996 ደግሞ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ኤሲፒአይ የተባለውን ደንብ አወጡ፤ ሥልጣኑም ወደ ስርዓተ ክወናው ተላለፈ። የእንቅልፍ ደረጃዎች «ኤስ» ተብለው በቁጥር የተሰየሙት በዚህ ደንብ ነው። ኤስ 0 ንቁ፣ ኤስ 3 በራም ላይ የሚተኛው፣ ኤስ 4 ሃይበርኔት፣ ኤስ 5 የተዘጋው። የወንድምህ ላፕቶፕ ኤስ 3 ይተኛል።

የስልክ ዘመን ሲመጣ ግን ላፕቶፑም እንደ ስልክ ክዳኑ ሲከፈት ወዲያው እንዲነሣ፣ ተዘግቶም መልእክት እንዲቀበል ተፈለገ። በዊንዶውስ 8 «ኮኔክትድ ስታንድባይ»፣ በዊንዶውስ 10 «ሞደርን ስታንድባይ» የተባለው አሠራር የመጣው እንዲህ ነው። በዚህ አሠራር ማሽኑ ከኤስ 0 አይወጣም። ፕሮሰሰሩና ቺፕሴቱ ሥራ ሲያጡ በየክፍላቸው ኃይል እየቀነሱ ወደ ጥልቅ ዕረፍት ይወርዳሉ፤ በየጊዜው ግን ለኔትወርክ፣ ለዝማኔ፣ ለአንዳንድ ፕሮግራም ብቅ ይላሉ። ሁሉም መሣሪያ በወጉ ካረፈ ፍጆታው በጣም ትንሽ ነው። አንድ ድራይቨር ብቻ አላርፍ ካለ ግን መላው ማሽን ወደ ጥልቁ ዕረፍት መውረድ አይችልም፤ አየር በሌለበት ቦርሳ ውስጥ የሞቀህ ያ ነው። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ደግሞ ኤስ 3ን ከፈርምዌራቸው (ከባዮሳቸው) ስላወጡት ወደ አሮጌው መመለስ አይቻልም።

ላንተ የምመክርህ፣ የክዳኑን ተግባር ከስሊፕ ወደ ሃይበርኔት ቀይረው። ለመነሣት ጥቂት ሰከንድ ይጨምርብሃል፤ በአውቶቡስ ግን እርሷ አትጎዳህም። ማን እንዳላረፈ ማወቅ ከፈለግህ፣ ያው የዳሞት ትእዛዝ «ስሊፕ ስተዲ» የሚል ቃል ሲከተለው በየእንቅልፉ ባትሪውን ማን እንደበላ የሚያሳይ ዘገባ ያወጣልሃል።

ዘብቸና (ብቸና)፣ ሐሙስ ከምሽቱ 1፡00

ውይይቱን ስከታተል ቆይቼ አንድ የቃል ነገር ከነከነኝ። «ስሊፕ»ን እንቅልፍ ማለታችን ነገሩን ሸፍኖብናል፤ የተኛ ሰው መብራት ቢጠፋበት ምን ይሆናል? ምንም። እናቶቻችን ማታ እሳቱን በአመድ ሲያዳፍኑ ግን ፍሙ ጠዋት እንዲገኝ አመዱ አለመነካቱን ይጠብቃሉ። ያ ሐምራዊ ሽቦ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ «ማዳፈን» ብንለው ማንም ሥራውን ሳያስቀምጥ አይሄድም ነበር። የተማሪው ላፕቶፕ ደግሞ የተኛ ሳይሆን ሸለብታ ላይ ያለ ነው፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ዓይኑን ይገልጣል።

ዓባይ_ዳር (ባሕር ዳር)፣ ሐሙስ ከምሽቱ 1፡25

«ማዳፈን» የሚለውን ከሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ እወስደዋለሁ። ለሃይበርኔት ግን ጎተራዬን አልለቅም።

ዳሞት_ጥገና (ፍኖተ ሰላም)፣ ሐሙስ ከምሽቱ 2፡30

የዘበኛውን ነገር ረሳነው። እኅቴ፣ የተዳፈነ ዴስክቶፕ የሚነሣበት መንገድ ብዙ ነው፤ ፓወር ቁልፉ፣ ኪቦርዱ፣ ማውሱ፣ የኔትወርክ ካርዱ፣ እንዲሁም ሰዓቱ። በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሰዓት በክብ ባትሪ የሚሄድ ሲሆን፣ ስርዓተ ክወናው ከመተኛቱ በፊት «በዚህ ሰዓት ቀስቅሰኝ» ብሎ ሊያዝዘው ይችላል። የእኔ ሱቅ ዋናው መንገድ ዳር ስለሆነ ሲኖትራክ ሲያልፍ ጠረጴዛው ተንቀጥቅጦ ማውሱ ማሽኑን ይቀሰቅሰው ነበር፤ በዲቫይስ ማኔጀር ገብቼ የማውሱን የመቀስቀስ ፈቃድ ነጠቅሁት።

የእርስዎ ግን ሰዓቱን ጠብቆ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚነሣ ከሆነ መኪና አይደለም። የዊንዶውስ አውቶማቲክ ጥገና የተለመደ ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 2 ሰዓት ነው፤ በእኛ 8 ሰዓት መሆኑ ነው። ሶኬት ላይ ያለን ማሽን ቀስቅሶ ጥገናውን ይሠራና መልሶ ያስተኛዋል። ለማረጋገጥ፣ መጨረሻ የቀሰቀሰውን የሚነግረውን ትእዛዝ ጠዋት እንዳይጠቀሙ፤ የሚነግርዎት ጠዋት ቁልፉን የነካችውን የራስዎን ጣት ነው። ይልቁንስ ማታ ከማስተኛትዎ በፊት ያንኑ ትእዛዝ «ዌክ ታይመርስ» ከሚል ቃል ጋር ይጻፉት፤ የተቀጠረ መቀስቀሻ ካለ ሰዓቱንና ጠሪውን ያሳይዎታል።

ፊደል_ቤት (ደብረ ማርቆስ)፣ ዓርብ ከምሽቱ 1፡40

ልክ እንዳሉት ነው፤ ጠሪው መደበኛ ጥገና፣ ሰዓቱም 2 ከሌሊቱ ይላል። ለዘበኛው ነገርሁት፤ «ጥገናውን ቀን ቢያደርገው ምን አለ?» አለኝ። በቅንብሩ ውስጥ ገብቼ ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ የሚፈቅደውን ምልክት አነሣሁና ሰዓቱንም ወደ ምሳ ሰዓቴ አዞርሁት።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ 650 ቪኤ ዩፒኤስ አለኝ፤ ኮምፒውተሩም ሁልጊዜ በእርሱ ላይ ነው። ታዲያ 3 ዋት ብቻ የሚወስድ ማሽን ሌሊቱን ሊይዝልኝ አይገባም ነበር?

ዳሞት_ጥገና (ፍኖተ ሰላም)፣ ዓርብ ከምሽቱ 2፡20

በወረቀት ላይ ያስኬዳል፤ በተግባር ግን አይሆንም። ዩፒኤሱ ባትሪውን ወደ 220 ቮልት ለመቀየር ራሱም ኃይል ይበላል፤ ማሽኑ 3 ዋት ሲፈልግ ዩፒኤሱ ለራሱ ከዚያ ብዙ እጥፍ ሊወስድ ይችላል። ባትሪው ካረጀ ደግሞ ሌሊቱን ቀርቶ ሰዓትም ላይሞላ ይችላል።

ዋናው ነገር ግን ያች ካርቶኑ ውስጥ የቀረችው የዩኤስቢ ገመድ ናት። አብዛኛው ሰው አያወጣትም። በኮምፒውተሩና በዩፒኤሱ መካከል ስትሰካ፣ ዊንዶውስ ብዙዎቹን ዩፒኤሶች እንደ ላፕቶፕ ባትሪ ያያቸዋል፤ ባትሪያቸው ሊያልቅ ሲልም ማሽኑን ሃይበርኔት እንዲያደርግ ማዘዝ ይቻላል። ገመዷ ከሌለች ኮምፒውተሩ መብራት መጥፋቱን እንኳ አያውቅም፤ ዩፒኤሱ ብቻውን ይጮኻል፣ ከዚያ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ገመዷን ሰክተው፣ ሃይብሪዱንም አብርተው፣ በእውነተኛ ሥራ ላይ ሳይሆን በከንቱ ገጾች እስኪ ይፈትኑት። ሲፈትኑ ፋኑ ፈጽሞ እስኪቆም ሳይጠብቁ ሶኬቱን እንዳይነቅሉ፤ ወደ ዲስኩ እየጻፈ ነውና።

ፊደል_ቤት (ደብረ ማርቆስ)፣ እሑድ ከቀኑ 9፡30

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱቁን ከፍቼ ፈተንሁት። ሃይበርኔቱን ካበራሁ በኋላ ያንኑ የመጀመሪያ ትእዛዝ ስጽፍ ሃይብሪድ ስሊፕ ከሚገኙት ዘንድ ተቆጠረ። ሦስት ገጽ አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ስካን አድርጌ ሳላስቀምጥ አስተኛሁት። እንደ ድሮው ወዲያው ጭጭ አላለም፤ የዲስኩ መብራት ጥቂት ሰከንድ ሲርገበገብ ቆየና ፋኑ ቆመ። ዩፒኤሱን አለያየሁ፣ ዲቫይደሩን ነቀልሁ፣ ቡና አፍልቼ እስክጠጣ ተውሁት።

መልሼ ሰክቼ ቁልፉን ስጫን ከመጀመሪያው የባዮስ ገጽ ስለጀመረ እንደገና የጠፋ መስሎኝ ልቤ ደነገጠ። ከዚያ «በመመለስ ላይ» የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ሦስቱም ገጾች፣ ሦስተኛው እንደተጋደመ፣ እንደነበሩ ወጡ። ሁለተኛው ማሽኔ ግን አሮጌ ተሽከርካሪ ዲስክ ስላለው ይህንኑ ለማድረግ እጅግ አዘገመብኝ፤ እርሱን እንደ ሞጣው መምህር ዘግቼ እነቅለዋለሁ።

ባለ መዝገቡ ደንበኛዬ 84 ገጹን ይዞ ነገ ይመጣል፤ በየአሥሩ ገጽ እያስቀመጥሁ በዘጠኝ ፋይል ልሰጠው ተስማምተናል፤ ሒሳብ አልቀበለውም። ዘበኛችን ደግሞ ዛሬ ጠዋት በር ላይ አግኝቶኝ «ያች ማሽንሽ ታመመች እንዴ? ሌሊት ድምፅዋን አጣሁት» ብሎ ጠየቀኝ።